የሴኮንዱ ምት ሲደርስ ማኅተሙ የት ይመታ?

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ዛሬ ስለ ሰዓት እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ንግግሬ ሰዓት አክብሩ ለማለት አይደለም፤ ያን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። የዛሬው ጉዳይ፥ በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ የምናየው ኮምፒዩተር ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ሲቀበል፥ የተቀበለበትን ቅጽበት ማን፥ የት፥ እንዴትስ አድርጎ እንደሚመዘግብለት የሚመለከት ነው። ነገሩ ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ሆኖ እናገኘዋለን። የምጠራቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልኩ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከራዲዮ ሥራ ምሳሌ ላምጣ። የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1924 ዓ.ም. ከግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ጋር ተስማምቶ፥ ሰዓት ሲሞላ ስድስት አጫጭር ድምፆች ማሰማት ጀመረ። አድማጩም ይህን እየሰማ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር። ከ1972 ወዲህ የመጨረሻው ድምፅ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይቆያል። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሰዓቱ ሞላ የሚባለው ይህ ረዥም ድምፅ ሲጀምር ነው ወይስ ሲያበቃ? መልሱ ሲጀምር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቆ ሰዓቱን ቢያስተካክል ግማሽ ሴኮንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ድምፁ ትክክል ነበረ፤ የአድማጩም ጆሮ ጤናማ ነበረ፤ የጎደለው በላኪና በተቀባይ መካከል የሚያስማማ ውል ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በሙሉ ከዚህ ውል የሚመነጭ ነው።

ኮምፒዩተር የራሱ ሰዓት እያለው ከውጭ መስማት ለምን አስፈለገው? በውስጡ ያለው ሰዓት የሚቆጥረው የኳርትዝን ንዝረት ነው። ተራ ኳርትዝ ከሚሊዮን 20 እጅ ቢሳሳት እንደ ነውር አይቆጠርበትም። ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሴኮንድ ስላለ፥ ይህች ትንሽ ስሕተት በቀን 1.7 ሴኮንድ ያህል ትሆናለች፤ በወር ስትጠራቀምም ወደ 52 ሴኮንድ ትጠጋለች። ለደብዳቤ ሥራ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ሞገድ ላይ እየተፈራረቁ የሚልኩና የሚቀበሉ የሞባይል ቴሌፎን ጣቢያዎች ከጋራው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮሴኮንድ በላይ እንዳይርቁ ይፈለጋል፤ ማይክሮሴኮንድ ማለት የሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። በአውሮፓ ማኅበር አገሮችም ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በፈጣን ኮምፒዩተሮች አክሲዮን የሚገበያዩ ድርጅቶች ሰዓታቸው ከዓለም አቀፉ ሰዓት ከ100 ማይክሮሴኮንድ በላይ እንዳይለይ በሕግ ተደንግጓል። ማን ቀድሞ እንደገዛና ማን ቀድሞ እንደሸጠ ክርክር ሲነሣ፥ ዳኛው የሚያየው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ጊዜ ነውና።

ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ለማምጣት በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ተሸክመዋል። መቀበያውም ከእነሱ የሰማውን ለኮምፒዩተሩ የሚያደርሰው በሁለት መልእክተኞች ነው።

የመጀመሪያው መልእክተኛ ጽሑፍ ነው። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ደቂቃውንና ሴኮንዱን ዘርዝሮ ይናገራል። ነገር ግን ጽሑፉ ፊደል በፊደል በሽቦ ላይ ተጉዞ እስኪያበቃ ድረስ ጊዜ ይፈጃል። በቆየው ልማድ በሴኮንድ 4,800 ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ፥ 82 ፊደል ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ለመድረስ የሴኮንድ ስድስተኛ ያህል ይወስድበታል፤ ያውም መነሻው ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ሁለተኛው መልእክተኛ ነጠላ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ሴኮንዱ ሲጀምር አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ባለሙያዎችም ፒ.ፒ.ኤስ. ይሉታል፥ በሴኮንድ አንድ ምት ማለታቸው ነው። ጥሩ መቀበያ ያለው እንደሆነ ይህ ምት ከእውነተኛው ሴኮንድ የሚለየው በጥቂት አሥር ናኖሴኮንዶች ነው። ናኖሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ እጅ ሲሆን፥ ብርሃን እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 30 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልእክተኛ የሴኮንዱን ስም ያውቃል፥ ግን ይዘገያል፤ ሁለተኛው በሰዓቱ ይደርሳል፥ ግን ዲዳ ነው፥ የየትኛው ሴኮንድ ምት እንደሆነ አይናገርም። ሥራው የሁለቱን ቃል ማጋጠም ነው። ለዚህም በቅድሚያ ዲዳው መልእክተኛ የደረሰበት ቅጽበት ሳይበላሽ መመዝገብ አለበት። ያ ቅጽበት አንድ ጊዜ ካመለጠ የሚመለስበት መንገድ የለም።

የት ይመዝገብ? እዚህ ላይ ስለ ኮምፒዩተሩ የውስጥ አስተዳደር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ውስጥ ሁሉን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ከርነል ይባላል። ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሥራ ተራ የሚሰጥ፥ መሣሪያዎቹንም የሚያዝዝ እሱ ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ዐይነት መሣሪያ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አለው፤ እሱም ድራይቨር ይባላል። ተራ ፕሮግራሞች መሣሪያውን በቀጥታ መንካት አይፈቀድላቸውም፤ የሚፈልጉትን በተወሰነ ፎርም ከድራይቨሩ ይጠይቃሉ፥ እሱም በተወሰነ ፎርም ይመልስላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ይህ የመጠየቂያና የመመለሻ ውል ኢንተርፌስ ይባላል።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት እንመለስ። የይግባኝ ማመልከቻ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ደረሰ እንበል፤ የይግባኙ ቀነ ገደብ ደግሞ በዚያው ቀን በ4 ሰዓት ያበቃል። መዝገብ ቤቱ እንደ ደረሰ የገቢ ማኅተም ከመታበት የባለጉዳዩ መብት ተጠበቀ ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ሳይታተም በተላላኪ እጅ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ቆይቶ፥ ሹሙ ከስብሰባ ሲመለሱ በ5 ሰዓት «ዛሬ ደረሰኝ» ብለው ቢፈርሙበት፥ ሹሙ አልዋሹም፥ ወረቀቱ ለእርሳቸው የደረሰው በ5 ሰዓት ነውና፤ ባለጉዳዩ ግን ያለ ጥፋቱ ተጎዳ። ማኅተሙ የሚመታበት ስፍራ ፍርዱን ለወጠው ማለት ነው።

በኮምፒዩተርም ውስጥ ያለው ነገር እንዲሁ ነው። ምቱ በሽቦው ሲደርስ ከርነሉን ያንኳኳል፤ ይህም ማንኳኳት ኢንተራፕት ይባላል። ከርነሉም የያዘውን ሥራ አቋርጦ ድራይቨሩን ይጠራል። ድራይቨሩ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን አንብቦ ቢጽፍ፥ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ማይክሮሴኮንዶች የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ድራይቨሩ ሰዓቱን ሳያነብ «ምት መጥቷል» ብሎ ተራውን ለሚጠባበቀው ፕሮግራም ቢያስተላልፍና ፕሮግራሙ ተራው ሲደርስ ሰዓቱን ቢያነብ፥ ሥራ በበዛበት ኮምፒዩተር ላይ መዘግየቱ ወደ ሚሊሴኮንዶች፥ ማለት በሺሕ እጥፍ፥ ሊያድግ ይችላል። ከዚህም የከፋው መዘግየቱ በየጊዜው የተለያየ መሆኑ ነው። ቋሚ መዘግየት ቢሆን ይታወቅና ይቀነሳል፤ ተለዋዋጭ መዘግየት ግን በምን ይታረማል? ስለዚህ የኢንተርፌሱ የመጀመሪያ ደንብ ማኅተሙ በደጃፍ ይመታ የሚል ነው።

ይህን ሥራ የሚገዛ የጋራ ሰነድ በማርች 2000 ወጣ። አር.ኤፍ.ሲ. 2783 ይባላል፤ ጸሐፊዎቹም ጄፍሪ ሞገል፥ ዴቪድ ሚልስና ሌሎች ሦስት ባለሙያዎች ናቸው። ዴቪድ ሚልስ በአሜሪካ በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፥ ኮምፒዩተሮች በመረብ አማካይነት ሰዓታቸውን የሚያስማሙበትን ኤን.ቲ.ፒ. የተባለውን ሥርዓት የነደፉ ሊቅ ሲሆኑ፥ በጃንዋሪ 2024 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከዚያ ሰነድ በፊት በልዩ ልዩ ሲስተሞች ላይ ልዩ ልዩ ዘዴ ስለነበረ፥ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም ነበር። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ይህን ሥርዓት ያስገቡት ሮዶልፎ ጆሜቲ ሲሆኑ፥ ሥራቸው በ2009 ዓ.ም. በወጣው 2.6.31 ቁጥር እትም ተካቷል።

የሰነዱን ዋና ዋና ቁም ነገሮች በመዝገብ ቤት ቋንቋ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ምቱ የሚነሣበትና የሚወርድበት ቅጽበት ተለይተው ይመዘገባሉ፤ የትኛው የሴኮንዱ መባቻ እንደሆነ ተጠቃሚው ይመርጣል። የራዲዮውን ረዥም ድምፅ አስታውሱ። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ምዝገባ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ገቢ ደብዳቤ 114 ከተመዘገበ በኋላ ቀጥሎ የታየው 116 ከሆነ፥ አንድ ደብዳቤ ሳናየው እንዳለፈ ወዲያው እናውቃለን፤ ቁጥሩ እዚያው 114 ላይ ከቆመ ደግሞ አዲስ ነገር አልመጣም፥ ምናልባትም ሽቦው ተነቅሏል ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ድራይቨሩ የሚችለውንና የማይችለውን ሲጠየቅ ይናገራል፤ የምቱን መውረድ ማየት የማይችል መሣሪያ «አልችልም» ይላል እንጂ የሌለውን አያቀርብም። አራተኛ፥ የታወቀ መዘግየት ካለ በግልጽ ተጽፎ ይታረማል። በተለመደው የአንቴና ሽቦ ውስጥ ምልክት አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሴኮንድ ያህል ስለሚወስድበት፥ 20 ሜትር ሽቦ 100 ናኖሴኮንድ ያዘገያል። ይህን የመሰለው ማረሚያ ማንም ሊያነበው በሚችል ስፍራ ይቀመጣል እንጂ በድራይቨሩ ሆድ ውስጥ አይደበቅም። አምስተኛ፥ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ድራይቨሩ ምቱን እንዳየ በሌላ ሽቦ የማስተጋቢያ ምት ይመልሳል። ባለሙያውም በመለኪያ መሣሪያ የገባውንና የወጣውን ምት አስተያይቶ፥ ድራይቨሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ ከውጭ ሆኖ ሊመረምር ይችላል። ራሱን ለምርመራ የሚያቀርብ መዝገብ ቤት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፥ ድራይቨሩ ይህን ሁሉ ካወቀ ለምን ራሱ አይፈርድም የሚል ነው። ምቱ ትክክል ነው ወይስ ሐሰት፥ ሰዓቱ ወደ ፊት ይገፋ ወይስ ወደ ኋላ፥ ለምን እሱ አይወስንም? መልሱ፥ ምስክርነትና ዳኝነት በአንድ እጅ እንዳይገቡ የሚል ነው። በጃንዋሪ 26 ቀን 2016 አንድ ያረጀ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ከሥራ ሲወጣ፥ የሳተላይቶቹ ጊዜ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር የሚያያዝበት ቁጥር በ13 ማይክሮሴኮንድ ያህል የተሳሳተ ሆኖ ከበርካታ ሳተላይቶች ተላለፈ። በልዩ ልዩ አገሮች የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች የማስጠንቀቂያ ደወል አሰሙ፤ በእንግሊዝ አገርም የዲጂታል ራዲዮ ሥርጭት ታወከ። በዚያን ቀን ምቱን በታማኝነት የመዘገበ ድራይቨር ጥፋት አልነበረበትም። ስሕተቱን ሊያገኝ የሚችለው ከአንድ በላይ ምንጭ የሚያይ፥ ቢያንስ የሦስት ሰዓቶችን ቃል አስተያይቶ የተለየውን የሚጥል ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ግን የሚያየው የራሱን ሽቦ ብቻ ነው፤ በአንድ ሽቦ ምስክርነት ቢፈርድ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ስምም ማውጣት እንዲሁ የላይኛው ክፍል ሥራ ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፥ በዓለም አቀፉ ሰዓት፥ ተነሥቶ በሴኮንድ ነው። ይህ መነሻ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከርነሉ ግን ይህንንም ያንንም አያውቅም፤ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። ሰዓትን ከንጋት ለምንቆጥር ለእኛም፥ ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥሩትም፥ ያው ቁጥር በየልማዳችን ሊተረጐም የሚችለው ከርነሉ በማያገባው ነገር ስላልገባ ነው።

ይሁን እንጂ በደጃፍ የተመታውም ማኅተም ፍጹም አይደለም። ከርነሉ ሌላ ጥሪ ላይ ተጠምዶ ሳለ ምቱ ቢያንኳኳ ጥቂት ይጠብቃል። ስለዚህ ማኅተሙን ወደ ግቢው በር፥ ወደ መሣሪያው ራሱ ማውጣት አስፈለገ። የመረብ ካርድ የራሱ ሰዓት ይኑረውና ምልክቱ እንደ ገባ እዚያው ይመዝግብ የሚለው ሐሳብ፥ በሪቻርድ ኮክራን ሥራ በ2011 ዓ.ም. በሊኑክስ 3.0 ውስጥ ኢንተርፌስ አገኘ። ያን ጊዜ ግን አዲስ ችግር መጣ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓቶች ሆኑ፥ የካርዱና የከርነሉ። ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ማንበብ አይቻልምና ልዩነታቸው እንዴት ይታወቃል?

የተገኘው መፍትሔ የሚያስመሰግን ነው። ከርነሉ መጀመሪያ የራሱን ሰዓት ያነባል፥ ቀጥሎ የካርዱን፥ ቀጥሎ እንደገና የራሱን። ለጠያቂው የሚሰጠውም ሦስቱንም ንባቦች ነው። የካርዱ ንባብ ከሁለቱ የከርነል ንባቦች መካከል በአንዱ ቅጽበት እንደተደረገ የተረጋገጠ ስለሆነ፥ ጠያቂው መልሱን ብቻ ሳይሆን የመልሱን የጥርጣሬ ስፋትም ያውቃል። «እዚህና እዚያ መካከል ነው» ብሎ ድንበሩን የሚናገር ምስክር፥ አንድ ቁጥር ጠርቶ ዝም ከሚል ምስክር ይበልጣል።

በ2016 ዓ.ም. ሁለቱን ሰዓቶች በአንድነት ማንበብ ለሚችሉ መሣሪያዎች ሌላ ጥያቄ ተጨመረ፤ በ2019 ደግሞ የከርነሉ ንባቦች ወደ ካርዱ ንባብ ይበልጥ የሚጠጉበት ሦስተኛ ጥያቄ መጣ። ነገር ግን የመጀመሪያው አልተሻረም። የሊኑክስ ከርነል አስተዳደር ጽኑ ደንብ፥ ለፕሮግራሞች አንድ ጊዜ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም የሚል ነውና፥ ያን ውል አምኖ የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ሊሠራ ይገባዋል። ስለዚህ ኢንተርፌስ የሚነድፍ ሰው የሚጽፈው ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱም ከእርሱ በኋላ ይኖራል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2011ዱ ኢንተርፌስ ፎርሞች ላይ «ለወደፊት» ተብለው የተተዉ ባዶ ቦታዎች ነበሩ። አሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ከርነሉ እነዚህ ቦታዎች በእውነት ባዶ ሆነው መቅረባቸውን አይመረምርም ነበር፤ ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራም እዚያ ቦታ ላይ ያገኘውን ጥራጊ ትቶ ፎርሙን ቢያቀርብም ይቀበለው ነበር። በኋላ ባዶውን ቦታ ለአዲስ ጥያቄ መጠቀም ሲያስፈልግ አልተቻለም፤ የድሮ ፕሮግራም ጥራጊ እንደ አዲስ ትእዛዝ ሊነበብ ነውና። በ2019 ዓ.ም. ለእነዚያ ጥያቄዎች ሁለተኛ ፎርም ማውጣት ግድ ሆነ፤ በዚህኛው ባዶው ቦታ ባዶ ካልሆነ ማመልከቻው ወዲያው ይመለሳል። በዚያው ዓመት ሌላም ጉድለት ታረመ። ተጠቃሚው «የምቱን መነሣት ብቻ መዝግብልኝ» ሲል፥ አንዳንድ ድራይቨሮች ይህን ምርጫ ሳይመለከቱ ጥያቄውን እንደተፈጸመ አድርገው ይቀበሉ ነበር። በአዲሱ ደንብ ግን የተጠየቀውን በትክክል መፈጸም የማይችል ድራይቨር እንቢ ማለት አለበት።

ክቡራትና ክቡራን፤ በመሥሪያ ቤት የቆየን ሁላችን ይህን እናውቀዋለን። «አይቻልም» የተባለ ባለጉዳይ ሌላ በር ይፈልጋል። «እሺ ይፈጸማል» ተብሎ ያልተፈጸመለት ግን ጉዳቱን የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በእሺታ የተሸፈነ ጉድለት በግልጽ ከተነገረ እንቢታ የበለጠ የሚያከስር መሆኑ፥ በናኖሴኮንድ ሥራም በቀን በሚቆጠር ጉዳይም አንድ ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ሰዓት የሚጠብቅ መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ሲነሣ፥ በወረቀቱ ላይ «ትክክለኛነቱ ይህን ያህል ናኖሴኮንድ ነው» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ያ ቁጥር የመቀበያው ነው፤ ወደ ፕሮግራሙ እስኪደርስ ያለውን መንገድ አይናገርም። ባለሙያውን ቢያንስ እነዚህን ጠይቁት፤ ማኅተሙ የሚመታው የት ነው፥ በመሣሪያው፥ በድራይቨሩ ወይስ በፕሮግራሙ? ሴኮንዱን የሚያመለክተው የምቱ መነሣት ነው ወይስ መውረድ? የሽቦው ርዝመት ተለክቶ መዘግየቱ ተጽፏል? አንድ ምት ቢጎድል በምን ይታወቃል? ምቱ ሐሰት ቢሆንስ ከማን ጋር ይነጻጸራል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በቀጥታ የሚመልስ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል፤ «እሱ ችግር የለም» ብሎ የሚያልፋችሁ ከሆነ ግን ውሉን ሳትፈርሙ አቆዩት።